ከደሴ ወደ ቦሩ ሜዳ በኪራይ ፈረስ፦ ስለ ኮርቻው፣ ስለ መሪዎቹና ስለ መንገዱ ውሾች

ከደሴ ወደ ኩታበር በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ፈረስ ከነመሪው የሚያከራይ አንድ ቤት አለ። ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ፤ የመጀመሪያው በጥቅምት መጨረሻ ከ14 ዓመቷ የእህቴ ልጅ ጋር፣ ሁለተኛው ደግሞ ከአምስት ሳምንት በኋላ ብቻዬን ነበር። የሁለቱም ጉዞ መድረሻ ከደሴ 10 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ቦሩ ሜዳ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ይህ ሜዳ ሰፊና ብርዳማ ነው፤ ፈረስ ሲረግጠው ደስ የሚለው መሬት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የወሎ ፈረሰኛ በራስ ሚካኤል እየተመራ ዓድዋ የዘመተ፣ ራስ ሚካኤልም ራሳቸው «አባ ሻንቆ» በሚለው የፈረስ ስማቸው የሚጠሩ ናቸውና፣ በዚህ አገር ፈረስ አከራያለሁ የሚል ሰው ከሌላው አገር ይልቅ በጥብቅ ዐይን ቢታይ ቅር ሊለው አይገባም።

በፈረሶቹ ልጀምር። የአምስቱንም ጀርባ ኮርቻ ከመጫኑ በፊት አይቻለሁ፤ የተላጠም ሆነ ያበጠ አላገኘሁም። በኪራይ ፈረስ ዘንድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ልጓሙ አፍ አያቆስልም፤ በሆዳቸው ሥር የሚታሰረው ጠፍርም አዲስ ነው። እርካቡን በተመለከተ ግን አንድ ጉድለት አለ። የደገኛው ፈረሰኛ በባህሉ እርካቡ ውስጥ የሚያስገባው የእግሩን አውራ ጣት ብቻ ስለሆነ የጥንቱ እርካብ ጠባብ ቀለበት ነው። እነዚህ ሰዎች ጫማ ለሚያደርግ ደንበኛ ሲሉ ሰፋ ያለ ብረት ቢያስገቡም ለሁሉም አንድ ልክ ነው ያዘጋጁት፤ የእኔ ጫማ ገብቶ ግጥም ብሎ ቀረ። ከፈረስ የወደቀ ሰው እግሩ እርካብ ውስጥ ከተያዘ መጎተቱ አይቀርምና፣ በጫማውና በብረቱ መካከል ቢያንስ የአንድ ጣት ስፋት ክፍተት መኖር አለበት። ይህን ስነግራቸው ሌላ እርካብ ፈልገው ቀየሩልኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ለዚያ ለውጥ ፈጣሪን አመሰገንሁ።

ያን ዕለት የተነሣነው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። «ጠዋት አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ፈረሱም አይደክምም» ብለው የመከሩን እነሱ ነበሩ። ምክሩ ለፈረሱ ትክክል ነው፤ ለመንገዱ ግን ስሕተት ነው። በዚያ አካባቢ የገበሬ ውሻ ሌሊቱን ተለቅቆ ያድራል፤ የሚታሰረውም፣ የሚታሰር ከሆነ፣ ከብቱ ተሰማርቶ የቤቱ ሰው ከተረጋጋ በኋላ ነው። በዚያ ላይ ወቅቱ ገብስ የሚታጨድበት ስለነበር ውሾቹ ከግቢያቸው አልፈው ክምሩንና አውድማውን ይጠብቁ ነበር። ስለዚህ በማለዳ የሚጋልብ ሰው የሚያልፈው፣ ጥበቃቸውን ገና ባልጨረሱ ውሾች መካከል ነው።

መሪያችን አንድ ብቻ ነበር። የልጅቷን ፈረስ በገመድ እየሳበ ከፊት ይሄዳል፤ እኔ ከኋላ እከተላለሁ። አንድ የድንጋይ ካብ አልፈን ጥቂት እንደሄድን ሦስት ውሾች ከኋላችን ወጡ። ፈረስ ዐይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ ከጭራው በስተጀርባ በቀጥታ ያለውን ግን አያይም። ውሾቹ የመጡት በዚያው በማይታየው በኩል ነው። የእኔ ፈረስ ድምፁን ሰምቶ ምንነቱን ሳያውቅ ደነበረ፤ እኔም እንደማንኛውም ሰው አምልጬ ልሂድ ብዬ ተረከዜን ወደ ጎኑ ሰደድሁ። መሪው ዞር ብሎ «ጋሼ፣ አያስሩጡት! ያቁሙት፣ ፊቱን ወደነሱ ያዙሩት!» ብሎ ጮኸ። የሚሮጥ ነገር የውሻን የማሳደድ ጠባይ ይቀሰቅሳልና ልክ ነበረ። ዛቡን ሰብስቤ ፈረሱን ባዞርሁት ጊዜ ሁለቱ ውሾች በእርግጥም ቆሙ፤ ጥርሳቸውን እያሳዩ ቢጮሁም አልቀረቡም። ፈረሱም የሚፈራውን ነገር በዐይኑ ካየ በኋላ መንቀጥቀጡን ተወ።

በዚያች ቅጽበት የታወቀኝን አንድ ነገር ልናገር። በአገራችን ውሻን የሚያባርረው ድንጋዩ ሳይሆን ጎንበስ ማለቱ ነው፤ ጎንበስ ያለ ሰው ድንጋይ ባያገኝም ውሻው ይሸሻል። በኮርቻ ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ጎንበስ ቢል የሚያገኘው የፈረሱን ጋማ ብቻ ነው። እግረኛ ሆኖ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀውን መከላከያ ፈረስ ላይ ሲወጣ ያጣዋል ማለት ነው፤ ለዚህም ነው ፈረሰኛ በእግሩ ያለ መሪ በአጠገቡ የሚያስፈልገው።

ሦስተኛው ውሻ እኔን ትቶ በልጅቷ ፈረስ የኋላ እግሮች ሥር ገባ። ፈረሱ ሁለት ጊዜ ረገጠ፤ ልጅቷ ለመውረድ ስትሞክር መሪው «እንዳትወርጂ፣ እታለም! ኮርቻውን ያዢ!» አላት። በአንድ እጁ ገመዱን እንደያዘ በሌላው ዱላውን ሰነዘረ፤ ገመዱን ግን አልለቀቀም። ገመዱን ባለመልቀቁ ልጅቷ ዳነች፤ እሱ ግን ባቱን ተነከሰ። ወዲያው ከካቡ ማዶ የአንድ እረኛ ልጅ ፉጨት ተሰማና ሦስቱም ውሾች ምንም እንዳልሆነ ነገር ተመለሱ።

የውሾቹ ቤት እመቤት «እኔን ይብላኝ! እኔን!» እያሉ ውኃ ይዘው መጡ። ውሻው ክትባት እንዳለው ብጠይቃቸው «የምን ክትባት ልጄ፣ ውሻ እኮ ነው» አሉኝ። ከአከራዩ የፈረስ ኮረጆ ውስጥ የተገኘው አንድ ጨርቅና ትርፍ ገመድ ብቻ ነበር፤ ሳሙና አልነበረም። ሳሙናውንም የሰጡን እሳቸው ናቸው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ከሞት የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ግን ቁስሉን ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና ማጠብና ክትባቱን በወቅቱ መጀመር ሕይወት ያድናል። መሪው የሙስሊም ልጅ ነው፤ ሳጥብለት «የውሻ ምራቅ የነካውን ሰባት ጊዜ ማጠብማ ከሃይማኖታችን የተማርነው ነው፣ አንዱን በአፈር» ብሎ ሳቀ። ለልብስህ ይሁን፣ ቁስሉ ላይ ግን አፈር አይነካም አልሁት። «አብሽር ጋሼ» አለኝ፤ ያን ጊዜም የሚያጽናናኝ እሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ለአከራይ ቤቱ የምሰጠውን ግምት ዝቅ ያደረገው። ስንመለስ ባለቤቱ «ውሻው የእኛ አይደለም፣ የገበሬ ውሻ እኛ ምን እናድርገው?» አለ፤ የተነከሰውንም መሪ በራሱ ወጪ ወደ ጤና ተቋም እንዲሄድ ነገረው። በዚህ ነገር ቆሜ ተከራክሬአለሁ። ደንበኛው የሚከፍለው ለፈረሱ ብቻ አይደለም፤ መንገዱን መርጦ የሚያወጣው፣ ሰዓቱን የሚወስነው፣ ስንት መሪ እንደሚሄድም የሚመድበው አከራዩ ነው። ውሻው የሰው ነው፤ በውሻው ፊት ያሳለፈን ግን እሱ ነው። የገበሬውንም ውሻ አልወቅስም፤ ክምሩን ሊጠብቅ ተቀምጦ በጭጋግ ውስጥ የማያውቀው ባለአራት እግር ፍጥረት ሰው ተሸክሞ ቢመጣበት ሥራውን ነው የሠራው። እርግጥ ነው፣ ባለውሻው ማስከተብ ነበረበት፤ በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ የሚመጣ ነውና። በመጨረሻ ባለቤቱ የትራንስፖርትና የክትባት ወጪውን ሸፈነ፤ ይህን የማልደብቀው ስለ ፍትሕ ስል ነው። ውሻው በቤቱ ታስሮ 10 ቀን እንዲታይም ከእመቤቷ ጋር ተስማማን፤ ቀኑ ሲያልፍም በጤናው መገኘቱን ልጁ ደውሎ ነገረኝ።

ሁለተኛውን ጉዞ ያደረግሁት ተለውጠው እንደሆነ ለማየት ነው። ብዙው ተለውጧል። መነሻው ከረፋዱ 3 ሰዓት ሆኗል። መሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከመጨረሻው ፈረስ ኋላ። መንገዱ ከካቡ ሥር መሄዱ ቀርቶ ከመንደሩ ጀርባ በግጦሹ ዳር ዞሯል፤ 20 ደቂቃ ይጨምራል፣ ሜዳው ግን በዚያ በኩል ይበልጥ ያምራል። ማለፉ ግድ በሆነባቸው ሁለት ቤቶች አጠገብ ደግሞ ዋዜማውን ስልክ እየተደወለ ውሾቹ እንዲታሰሩ ይደረጋል። ከአንደኛው ቤት ውሻ ሲጮህ ሰማሁ፤ ሰንሰለቱም ሲንኳኳ ተሰማኝ። ኮረጆው ውስጥ ሳሙናና ሁለት ሊትር ውኃ አለ። የተነከሰው ልጅ ክትባቱን ጨርሶ ወደ ሥራው ተመልሷል፤ ከኋላ የሚሄደው መሪ እሱ ነበር።

ሄልሜት ሁለት ብቻ ነው ያላቸው፤ ሁለቱም የዐዋቂ ልክ ናቸው። ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው የራሱን ይዞ ይሂድ። ዋጋው ከአካባቢው አይርቅም፤ ቡናው መልካም ነው።

አሁን ደግሞ በደቡብ ወሎ ተራሮች ላይ ወዳለው ወደ ቦረና ሳይንት ፓርክ የብዙ ቀን ጉዞ ሊጀምሩ እንዳሰቡ ነግረውኛል፤ ለጥበቃም የራሳቸውን ሁለት ውሾች አስከትለው ሊሄዱ ነው። ይህን አልደግፍም። ውሻን በውሻ ማባረር በየመንደሩ ጠብ መግዛት ነው፤ ፈረሶቹም በመካከል ይገባሉ። ከሁሉ በላይ ያ ተራራ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡት የቀይ ቀበሮ ዘር አንድ አነስተኛ ወገን የሚኖርበት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሻ እየተላለፈ በባሌ ተራሮች ቀበሮዎቹን ደጋግሞ እንደፈጀ የታወቀ ነው። ለባለቤቱ በቃል ነግሬዋለሁ፤ «እናስብበታለን» ብሎኛል። ውሾቹን ቤት ትተው የሚሄዱ ከሆነ በጥር ሦስተኛውን ጉዞ ከእነሱ ጋር አደርጋለሁ፤ የእህቴም ልጅ ያንኑ ፈረስ ካሁኑ ይያዝልኝ ብላለች።