‹‹ዳገት አይበግረውም›› ተብሎ የሚሸጥላችሁን የሣር ትራክተር ተጠንቀቁ

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ቤት የገዛችሁ፣ ጓሯችሁ ሰፊና ቁልቁል የሚወርድ ወገኖች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ሣሩ ማደግ ሲጀምር ያገለገሉ፣ ተቀምጠው የሚነዷቸው የሣር ማጨጃዎች ገበያውን ያጥለቀልቁታል። ዋጋቸው ያጓጓል። ሻጩም ‹‹ይሄ ዳገት አይበግረውም›› ይላል። ይህን ቃል ከሰማችሁ ገንዘባችሁን ከኪሳችሁ አታውጡ።

አንድ ወዳጄ ሰሜን ቨርጂኒያ ቤት ገዛ። የጓሮው ሣር ወርዶ ወርዶ አንዲት ትንሽ ወንዝ ዳር ያልቃል። ያገለገሉ የግቢ ዕቃዎች ከሚሸጥ ነጋዴ በ1,600 ዶላር የሣር ትራክተር ወሰደ። የግቢውን ፎቶ አሳይቶ ‹‹ለእንዲህ ያለ ቦታ ይሆናል?›› ብሎ ጠይቋል። ‹‹ለዚሁ የተሠራ ነው›› ተባለ።

ማሽኑ ቤት ከገባ በኋላ አብረን ፈተሽነው። ወንበሩን ወደ ፊት አጥፈን ሥሩን ስናይ የወንበሩ ስዊች ሶኬት ተነቅሏል። ሁለቱ ቀዳዳዎች ውስጥ አጭር ቀይ ሽቦ ተሰክቶ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል። ፕላስተሩ አቧራ ጠጥቶ ጠርዙ ተላጧል። የትናንት ሥራ አይደለም።

ያ ስዊች የነጂው ሕይወት የተንጠለጠለበት ነው። ቢላዋው እየዞረ ሰው ከወንበሩ ከተነሳ ወይም ከወደቀ ሞተሩን ያጠፋል። ሽቦው ሲገናኝ ግን ትራክተሩ ሁልጊዜ ሰው እንደተቀመጠበት ይቆጥራል። ቢገለበጥ፣ ሰውየው ከሥሩ ቢሆን እንኳን፣ ቢላዋው መዞሩን አያቆምም።

ነጋዴው ሲጠየቅ አላፈረም። ‹‹ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ዳገት ላይ እየጠፋ ስለሚያስቸግር ነው›› አለ። እስቲ አስቡት። ዳገት ላይ የሚጠፋው ለምንድን ነው? ትራክተሩ ሲያዘነብል ወይም ሲነጥር የነጂው ክብደት ከወንበሩ ስለሚነሳ ነው። ስዊቹ ‹‹ሰውየው ሊወድቅ ነው›› እያለ ነበር። አንዳንዴ በእርግጥ ስዊቹ አርጅቶ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ መፍትሔው አዲስ መግጠም ነው፤ ውድ ዕቃ አይደለም። ሽቦ አገናኝቶ ለባለ ቤተሰብ ሰው መሸጥ ግን ግፍ ነው።

አሁን ወደ መሬቱ እንምጣ። የአብዛኞቹ የሣር ትራክተሮች መመሪያ ከ15 ዲግሪ በላይ በሚያዘነብል መሬት ላይ አትንዱ ይላል። ዝቅ አድርገው 10 ዲግሪ ላይ የሚያቆሙም አሉ፣ በተለይ ከኋላ የሣር መሰብሰቢያ ከረጢት ከተገጠመ። ከረጢቱ ሲሞላ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ዳገት ሲወጣ የፊት ጎማዎቹ ይቀላሉ። የወዳጄ ትራክተር ከረጢት ነበረው፤ ‹‹ጉርሻ ነው›› ተብሎ ነው የተሰጠው!

ሻጮች ዲግሪንና ፐርሰንትን ያምታታሉ። ‹‹እስከ 25 ይወጣል›› ሲሏችሁ ‹‹25 ምን?›› በሉ። 25 ፐርሰንት ማለት 14 ዲግሪ ገደማ ነው። 25 ዲግሪ ግን 47 ፐርሰንት ገደማ ነው፤ እዚያ ላይ ተራ የሣር ትራክተር ይዞ መውጣት ሞትን መጥራት ነው። 15 ዲግሪ በፐርሰንት 27 አካባቢ ነው።

ስለዚህ ትራክተር ከማየታችሁ በፊት ግቢያችሁን ለኩ። አራት ጫማ፣ ማለትም 48 ኢንች የሆነ ቀጥ ያለ ጣውላ ያዙ። አንዱን ጫፍ በላይኛው በኩል መሬት አስነኩና ጣውላውን በውሃ ልክ አግድም አድርጉት። ከዚያ ከሌላኛው ጫፍ እስከ መሬቱ ያለውን ክፍተት በኢንች መለኪያ ለኩ። 8 ተኩል ኢንች ከሆነ 10 ዲግሪ ነው። 13 ኢንች ከደረሰ 15 ዲግሪ ነው፤ እዚያ ላይ ነገሩ አበቃ። ጣውላውን መሬቱ ላይ አስተኝታችሁ ስልካችሁ ላይ ባለው ውሃ ልክ ማየትም ይቻላል። ስልኩን ሣሩ ላይ እንዳታስቀምጡት፣ ያሳስታል። ደግሞም የምትለኩት ሜዳ የሚመስለውን ሳይሆን በጣም የሚያዘነብለውን ቦታ ይሁን። ትራክተር የሚገለበጠው እዚያች አንዲት ቦታ ላይ ነው።

ስለ ፍሬኑ ብዙ ሰው አያውቅም። በተለመዱት የሣር ትራክተሮች ላይ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎቹን ብቻ ነው። ሃይድሮስታቲክ ማርሹም፣ ማለትም በዘይት ግፊት ጎማዎቹን የሚያዞረው፣ የሚሠራው በእነሱ በኩል ነው። ቁልቁል ስትወርዱ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄድና የኋላ ጎማዎቹ ይቀላሉ። ሣሩ እርጥብ ከሆነ ይንሸራተታሉ። ያን ጊዜ ፍሬን ብትረግጡም፣ ማርሹን ብትመልሱም የሚይዛችሁ ነገር የለም። በዚያ ላይ የቨርጂኒያ ቀይ ሸክላ አፈር አለ፤ ዝናብ ከነካው እንደ ሳሙና ነው። ጠዋት ጤዛ ሳይደርቅ ተዳፋት ማጨድ የለም።

ዜሮ ተርን የሚባሉት፣ ባሉበት የሚዞሩት ማጨጃዎች፣ ደግሞ የባሱ ናቸው። መሪ የላቸውም፤ የሚዞሩት የኋላ ጎማዎቹን በማፍጠንና በማዘግየት ነው። የፊት ጎማዎቹ ወደፈለጉበት የሚዞሩ ትንንሽ ጎማዎች ናቸው። የኋላዎቹ ተንሸራተቱ ማለት ፍሬኑም መሪውም አብረው ጠፉ ማለት ነው። ከነጂው ጀርባ የሚቆም የብረት መከላከያ ያለው ከሆነ፣ ብረቱ ተነስቶ ቀበቶው መታሰር አለበት። ብረቱ ከታጠፈ ወይም ከሌለ ግን ቀበቶ አይታሰርም። ሻጩ ብረቱን ፈትቶ አስቀምጦት ከሆነ ‹‹የት አለ?›› በሉት። ‹‹ጋራዥ አላስገባ ስላለ ነው›› የሚለውን ምክንያት አትቀበሉ።

ልትገዙ ስትሄዱ ለመፈተሽ አትፈሩ፣ አትሽኮርመሙም። ጠፍጣፋ መሬት ላይ፣ አጠገባችሁ ሰው ሳይኖር፣ ተቀምጣችሁ ቢላዋውን አስነሱ። ሳትወርዱ ከወንበሩ ብድግ በሉ። ሞተሩ መጥፋት፣ ቢላዋውም በ5 ሰከንድ ውስጥ መቆም አለበት። ካልጠፋ ሌላ ወሬ አያስፈልግም። ቀጥሎ ሞተሩን አጥፉ፣ የእጅ ፍሬኑን ያዙና ትራክተሩን ግፉት። ከተንከባለለ ፍሬን የለውም። አዳዲሶቹ ላይ ወደ ኋላ ሲነዱ ቢላዋውን የሚያጠፋ ስዊችም አለ፤ እሱንም ሞክሩት።

አንድ ብልሃት ልንገራችሁ። ሻጩ የሚያሳያችሁ ቀዝቃዛ ማሽን ነው። ርካሾቹ ሃይድሮስታቲክ ማርሾች ሲቀዘቅዙ ጎበዝ ናቸው፤ ዳገት ላይ እየሠሩ ዘይታቸው ሲሞቅ ጉልበታቸው ይከዳል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዳገቱ መሃል ላይ መቆም ወይም ወደ ኋላ መንሸራተት ይጀምራሉ። ብዙዎቹ ማርሾች ደግሞ ተከፍተው ዘይት እንዲቀየርባቸው ተደርገው አልተሠሩም። ማርሹን ራሱን መለወጡ የትራክተሩን ግማሽ ዋጋ ሊበላ ይችላል። ስለዚህ ሻጩን ‹‹ግማሽ ሰዓት ልንዳው›› በሉት። ማሽኑን የሚያምን ሰው እሺ ይላል።

በልኩ ያለ ተዳፋት ካላችሁ፣ በተቀመጣችሁበት የምትነዱት ትራክተር ሽቅብና ቁልቁል ነው የሚሄደው። ወደ ጎን አትሂዱ። በእጅ የሚገፋው ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ወደ ጎን ነው የሚታጨድበት፤ ካልሆነ እግር አዳልጦ ከማሽኑ ሥር ያስገባል። ተዳፋቱ መሃል ላይ አትቁሙ፣ አትዙሩ፣ ቁልቁል ስትወርዱ ማርሹን አታላቁ። ከወንዝ፣ ከቦይና ከግንብ ጠርዝ ቢያንስ የማሽኑን ወርድ ሁለት እጥፍ ራቁ። የቀረውን በእጅ ማሽን ጨርሱት።

ልጅ ታቅፎ መንዳትስ? ፎቶው ያምራል፣ አውቃለሁ። እባካችሁ ተዉት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ዕድሜው 16 ያልሞላ ልጅ እንዳይነዳው ይመክራል፤ ተሳፋሪ ሆኖ መቀመጥም የለበትም። ትራክተሩ ሲነሳ ልጆቹ ቤት ውስጥ፣ ከትልቅ ሰው ጋር ይሁኑ።

ከ15 ዲግሪ በላይ ለሆነ ጓሮ መልሱ ሌላ ትራክተር መፈለግ አይደለም። ሣሩን አንስቶ እንደ ሊሪዮፔ ያለ መሬት የሚሸፍን ተክል መትከል አለ። ለተዳፋት የተሠራ፣ በሪሞት የሚነዳ ማጨጃ ያላቸው ባለሙያዎችም አሉ። እነሱን ስትጠሩ የኢንሹራንስ ወረቀታቸውን አሳዩን በሉ።

የወዳጄን ገንዘብ በተመለከተ፣ ነጋዴው ‹‹አዝ ኢዝ›› (እንዳለ፣ ያለ ዋስትና) የሚለውን ደረሰኝ አሳይቶ አልመልስም ብሏል። ‹‹አዝ ኢዝ›› ማለት ግን ነጋዴ ዋሽቶ እንዲሸጥ ፈቃድ መስጠት አይደለም። የቨርጂኒያ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ነጋዴ ስለሚሸጠው ዕቃ ባሕርይና ጥቅም እንዳይዋሽ ይከለክላል። አቤቱታው የሚቀርበው ለግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል ነው፤ ሜሪላንድም እንዲሁ አላት። ወዳጄ የሽቦውን ፎቶና ነጋዴው ‹‹ለዚሁ የተሠራ ነው›› ያለበትን የጽሑፍ መልእክት አያይዞ አስገብቷል። ስለዚህ ሻጩ በአፉ ያላችሁን በቴክስት አስደግማችሁ ያዙ። ከግለሰብ የምትገዙ ከሆነ ግን ይህ ሕግ አያግዛችሁም፤ ዋናው መከላከያችሁ ከመክፈል በፊት የምታደርጉት ፍተሻ ነው።

የትራክተሩን ሞዴልና ሲሪያል ቁጥር ፎቶ አንሱ፣ ብዙ ጊዜ ወንበሩ ሥር ነው የሚለጠፈው። በአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ ሪኮል ተደርጎ፣ ማለትም በጉድለት ምክንያት ጥሪ ወጥቶበት፣ እንደሆነ በነፃ ታገኛላችሁ። ወንበሩን ስታነሱ ሽቦውንም እዩ።