ቴስተር ሳያወጣ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ለማይል ጠጋኝ

የልብስ ወይም የዕቃ ማጠቢያ ማሽን እምቢ ሲላችሁ «ማንን ልጥራ?» ለምትሉ አንድ ባለሙያ ልጠቁማችሁ፣ በዚያውም ላመስግነው። ስሙንና ስልኩን አደባባይ ላይ አላሰጣም፤ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ። «ጎበዝ ነው» ብሎ ማለፍ ደግሞ ለማንም አይጠቅምም። ጎበዝ ያስባለው ምን ምን እንደሆነ ብታውቁ፣ እሱን ባታገኙት እንኳ የሌላውን ሥራ አጠገቡ ቆማችሁ መመዘን ትችላላችሁ።

ይህ ልጅ እንደገባ ካቻቪቴ አያነሳም፤ ይጠይቃል። ውሃ ይስባል? ያሞቃል? ድራሙ ይዞራል? ውሃውን ያስወጣል? ጩኸቱ ሲያጥብ ነው ወይስ ሲጨምቅ? ማሽን ተራ ጠብቆ ነው የሚሠራው። በሩን ይቆልፋል፣ ውሃ ይስባል፣ ያሞቃል፣ ያጥባል፣ ውሃውን ያስወጣል፣ ይጨምቃል። አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይጀመርም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የሚፈለገው የቆመበት ተራ ላይና ከዚያ በፊት ባለው ላይ ነው። «አልጨምቅ አለ» ተብሎ ከሚጠራበት ማሽን ብዙው ሞተሩ ደህና ነው። ውሃው አልወጣለትም፤ ውሃ ይዞ ደግሞ አይጨምቅም።

ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ፓምፑ ይወርዳል። ከፊት ለፊት፣ ግርጌው ላይ ትንሽ ክዳን አለች። ሶኬቱን ይነቅላል፣ የውሃውን መስመር ይዘጋል፣ ውሃው ትኩስ ከሆነ እስኪበርድ ይጠብቃል። ከዚያ ዝርግ ሳህን ከሥር አስገብቶ ማጣሪያውን ግማሽ ዙር ብቻ ያላላዋል። ሳህኑ ሲሞላ መልሶ ያጠብቃል፣ ደፍቶ ይመለሳል። በአንዴ የፈታው ሰው ወለል ሲወለውል ያመሻል። ከማጣሪያው የሚወጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ሳንቲም፣ የፀጉር መያዣ፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የሕፃን ካልሲ።

ብዙው ጠጋኝ እዚህ ላይ «አለቀ» ይላል። እሱ ግን ባትሪ አብርቶ ማጣሪያው የወጣበትን ጉድጓድ ያያል፣ ከውስጥ ያለችውንም የፓምፕ ፕሮፔለር በእርሳስ ጫፍ ይገፋታል። ጤነኛዋ እንደ ልብ አትዞርም፤ ውስጧ ማግኔት ስላለ እየያዘች እየለቀቀች፣ እየዘለለች ነው የምትዞረው። ምንም ሳይዛት ከተሽከረከረች ከዘንጉ ላይ ለቃለች። ጭራሽ ካልነቃነቀች ክር ወይም ፀጉር ተጠምጥሞባታል። ቴስተሩ (የኤሌክትሪክ መለኪያው) የሚወጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ220 ቮልት የሚሠራ የተለመደ ፓምፕ ከ150 እስከ 200 ኦም አካባቢ ያነባል፤ ምንም ካላነበበ ኮይሉ (ውስጡ የተጠመጠመው ሽቦ) ተቆርጧል።

የማስወጫውን ቱቦ ነገር ለብቻው ልጥቀሰው፣ ብዙ ሰው በከንቱ የሚከስርበት ነውና። የቱቦው ጫፍ በአብዛኛው ማሽን ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ መሰቀል አለበት። መሬት ላይ ከተጣለ ማሽኑ የሳበው ውሃ በራሱ እየተሳበ ይወጣል፤ ይስባል ይወጣል፣ ይስባል ይወጣል፣ እስኪደክመው። ጫፉ የፍሳሽ ቧንቧው ውስጥ ጠልቆ አየር እንዳያስገባ ሲታሸግም ያው ነው። ባለቤቱ «ውሃ አልሞላ አለኝ፣ ቦርድ ነው አሉኝ» ይላል፤ ቦርድ የሚሉት ማሽኑን የሚያዘውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። መድኃኒቱ ቱቦውን ከፍ አድርጎ ማሰር ነው።

ውሃ መሳብ ሲያቅተው ግን መነሻው የቧንቧው ግፊት ነው። አብዛኛው ማሽን ቢያንስ 0.5 ባር ይፈልጋል፤ ከማሽኑ 5 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ታንከር የሚሰጠው ወደዚያው የሚጠጋ ነው። ግፊቱ ደህና ከሆነ የማስገቢያው ቱቦ ማሽኑን የሚነካበት ቦታ ላይ ያለችውን ወንፊት በፒንሳ ስቦ ያጥባታል። አሸዋና ዝገት የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ውሃውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ቫልቭ ራሱ ሲለካ ከ3 እስከ 4.5 ኪሎ ኦም አካባቢ ካሳየ ኮይሉ ደህና ነው።

ማሽኑ ምን ያህል ውሃ እንደያዘ የሚያውቅበትን መንገድ የማያውቅ ጠጋኝ ደግሞ ቦርድ ሲያስቀይር ይኖራል። ድራሙን ከውጭ ከያዘው ገንዳ ሥር ወደ ላይ የምትወጣ የጣት ያህል እንኳ የማትወፍር የጎማ ቱቦ አለች። ውሃው ሲሞላ ውስጧ ያለውን አየር ይጨምቃል፣ አየሩም ላይ ያለውን የግፊት ሴንሰር ይገፋል። የቱቦዋን ሥር የሳሙና ዝቃጭ ከደፈነው ማሽኑ ሞልቶም «ባዶ ነኝ» ይላል፣ ባዶ ሆኖም «ሞልቻለሁ» ብሎ ይቆማል። ልጁ ቱቦዋን ነቅሎ ሥሯን ያጸዳል። ሴንሰሩ የድሮው ዓይነት ከሆነ ቀስ ብሎ ይነፋበትና «ቀጭ» የሚል ድምፅ ያዳምጣል። በኃይል አይነፋም፤ ውስጥ ያለው ስስ ጎማ ይቀደዳል።

ብሬከር የሚጥል ማሽን ሲገጥመው የሚጠይቀው «መቼ ነው የሚጥለው?» ብሎ ነው። ገና ሶኬት ሲሰካ ከሆነ የኤሌክትሪክ መግቢያው ፊልተር ወይም ውሃ የነካው መገናኛ ይጠረጠራል። አጥቦ አጥቦ ማሞቅ ሲጀምር ከሆነ ግን ውሃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንስ ነው። 2000 ዋት የሆነ ሬዚስታንስ ከ24 እስከ 27 ኦም ማንበብ አለበት፤ ከዚያ አንዱ እግሩና የመሬት (ኧርዝ) መስመሩ መካከል ምንም መነበብ የለበትም። እዚህ ላይ የሚያስመሰግነው ነገር አለ፦ ተራ ቴስተር በትንሽ ቮልት ስለሚለካ የተሰነጠቀን ሬዚስታንስ «ደህና ነው» ሊል እንደሚችል ያውቃል። ስለዚህ በ500 ቮልት ኢንሱሌሽን የሚለካውን መሣሪያ ይዞ ይመጣል። ብሬከሩን ከፍ ባለ አምፔር ቀይሮ የሚሄድ ሰው ካጋጠማችሁ ግን አስወጡት፤ የሰው ሕይወት ነው የሚጫወትበት።

አሁን ወደ ጩኸቱ። እንደ አውሮፕላን የሚጮህ ማሽን ሲገጥመው በሩን ከፍቶ የድራሙን የላይኛውን ጠርዝ ከውስጥ ይይዝና ወደ ላይ ያነሳዋል። ድራሙና የውጭው ገንዳ አብረው ከተነሱ ጥሩ ነው። ድራሙ ብቻውን «ቋ» ብሎ ከተላቀቀ ድራሙ የሚዞርበት ኩሽኔታ አልቋል። ቀጥሎ በእጁ ቀስ ብሎ ያዞረዋል፤ ጠጠር እንደሚፈጭ ዓይነት ስሜት ከተሰማው ሌላ ማረጋገጫ አያሻም። የኋላውን ሽፋን ሲፈታ ከፑሌጃው (ቺንጋው ከሚያዞረው ክብ) ጀርባ ወደ ታች የወረደ ቡናማ የዝገት መስመር ያሳያችኋል። የነገሩ አመጣጥ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የሚያልቀው ኩሽኔታው ሳይሆን ፊቱ ያለው የውሃ መከላከያ ጎሚኒ ነው። ጎሚኒው ሲለቅ ውሃና ሳሙና ገብቶ ግሪሱን ያጥባል፣ ከዚያ ኩሽኔታው ይዝጋል። ስለዚህ ኩሽኔታ ብቻ ቀይሮ ጎሚኒውን የተወ ሰው ሥራውን በቅርቡ ደግሞ ሊሠራው ነው። ይህ ልጅ ሁለቱንም ኩሽኔታና ጎሚኒውን አንድ ላይ ይቀይራል፣ የጎሚኒውን ከንፈር ውሃ የማያጥበው ግሪስ ይቀባል፣ ዘንጉ ላይ ጎሚኒው የሚቀመጥበት ቦታ ተበልቶ እንደሆነም በጥፍሩ ይዳስሳል። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ አዲሱም ጎሚኒ አይዘልቅም። የኩሽኔታውን ቁጥር ራሱ ኩሽኔታው ላይ አንብቦ ነው የሚገዛው፤ ለምሳሌ 6205 የሚል ከሆነ የውስጥ ቀዳዳው 25፣ የውጩ 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊሜትር ነው። አሮጌውን ሲያወጣ በመዶሻ ያወጣዋል፣ እሺ። አዲሱን ሲያስገባ ግን የሚመታው የውጭውን ቀለበት ብቻ ነው፤ የውስጡን የመታ ሰው አዲስ ኩሽኔታ አበላሽቶ ገጠመ ማለት ነው።

ገንዳው በፋብሪካ ተበይዶ የመጣ ከሆነ ይህ ሁሉ አይሠራም፤ ወይ ይቆረጣል ወይ ከነገንዳው ይቀየራል። ልጁ ይህን ከመፍታቱ በፊት ይናገራል። «አያዋጣችሁም» ማለት የሚችል ጠጋኝ ብርቅ ነው፣ ለእኔ ትልቁ ምስጋና እሱ ላይ ነው።

ሲጨምቅ እየተራመደ ከቦታው የሚሄድ ማሽን ደግሞ ሁልጊዜ ኩሽኔታ አይደለም። አዲስ ከሆነ ከፋብሪካ ሲመጣ ገንዳውን አስረው የሚያቆዩት ቡሎኖች ከኋላ አልተፈቱ ይሆናል። አሮጌ ከሆነ ገንዳውን ወደ ታች ተጭኖ ይለቀዋል፤ አንዴ ተነስቶ መቆም አለበት። ሁለት ሦስት ጊዜ ከዘለለ ንዝረቱን የሚያበርዱት ሾኮች ደክመዋል፣ የሚቀየሩትም ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው።

ሞተሩ ጭራሽ ካልዞረና ካርቦን (ኤሌክትሪኩን ወደሚዞረው ክፍል የሚያስተላልፍ ተነካኪ) ያለው ዓይነት ከሆነ ካርቦኖቹን አውጥቶ ያያል፤ ከ1 ሴንቲሜትር ካነሱ ሁለቱም ይቀየራሉ። ኢንቨርተር ሞተር ካርቦን የለውም፤ «የኢንቨርተሩን ካርቦን ቀየርኩልህ» ካላችሁ ሰው ጋር ሒሳብ አታወራርዱ። ሞተሩ እያጉረመረመ ካልዞረ፣ በእጅ ሲገፉት ግን ከተነሳ፣ ካፓሲተር ያለው የድሮ ዓይነት ነው፤ የሚቀየረውም ሞተሩን የሚያስነሳው ካፓሲተሩ ነው፣ ላዩ ላይ በተጻፈው ማይክሮፋራድ ልክ።

የዕቃ ማጠቢያው ላይ ደግሞ የሚያስደንቀኝ ትዕግሥቱ ነው። ማሽኑ ውሃ አልስብ ብሎ ሌት ተቀን ፓምፑ ብቻ ሲያጉረመርም ቦርድ አይጠረጥርም። የፊት ለፊቱን የታችኛውን ሽፋን ፈትቶ በባትሪ ከሥር ያለውን ትሪ ያያል። ብዙ ማሽኖች እዚያ ውስጥ ከነጭ ፎም የተሠራ ተንሳፋፊ አላቸው፤ ትሪው ላይ ውሃ ሲጠራቀም ፎሙ ተነስቶ ስዊች ይጫናል፣ ማሽኑም ቤቱን እንዳያጥለቀልቅ ብሎ ውሃውን ይከለክላል። ትሪውን በፎጣ አድርቆ መሄድ ቀላል ነው፣ ማሽኑም ይነሳል። እሱ ግን ካደረቀ በኋላ ደረቅ ወረቀት ትሪው ላይ ያነጥፍና አንድ ሙሉ ዙር ያሠራዋል። ወረቀቱ መጀመሪያ የረጠበበት ቦታ የላላውን ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ) ወይም ያለቀውን ጎሚኒ ይጠቁመዋል።

ዕቃው ቆሽሾ ከወጣ የሚረጩትን ክንፎች ነቅሎ ቀዳዳዎቻቸውን በቀጭን እንጨት ይከፍታል፣ ማጣሪያውን ያጥባል፣ ከማጣሪያው ሥር የብርጭቆ ስባሪ ካለ በባዶ እጁ ሳይሆን በፒንሳ ያወጣል። ብርጭቆ ላይ የሚታየውን ነጭ ነገር በአቼቶ ያብሰዋል። ከለቀቀ የውሃው ካልሲየም ነው፤ ጨው መጨመር ይበቃዋል። ካልለቀቀ መስታወቱ ራሱ ተበልቷል፣ መመለሻ የለውም። ጨው ሲባል ለማሽኑ ተብሎ የተዘጋጀው ነው፤ የገበታ ጨው ደቃቅና ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ስለሆነ ውሃ ማለስለሻውን ይደፍናል።

ከመሄዱ በፊት የሚያስረዳው አንድ ነገር አለ፦ ሳሙና አታብዙ። የልብስ ማጠቢያ ውስጥ አረፋ ሲበዛ ውሃው በወጉ አይወጣም፣ የቀረውም ዝቃጭ ያቺን ቀጭን ቱቦ ይደፍናል። ውስጡን ለማጽዳት ባዶ ማሽን ውስጥ 100 ግራም ያህል ሲትሪክ አሲድ ጨምሮ በ60 ዲግሪ ማዞር በቂ ነው። ከበረኪና ጋር ግን በፍጹም አይቀላቀልም፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ነቀፌታ ከተፈለገ አንድ አለኝ፦ ስልክ ቶሎ አያነሳም። እጁ ማሽን ውስጥ ነውና ደጋግማችሁ ደውሉ፣ ወይም መልእክት ላኩለት። ስትልኩለት የሞዴሉን ቁጥር አብራችሁ ጻፉ፤ ልጣፉ በሩ ሲከፈት ጠርዙ ላይ ወይም በሩ ላይ ይገኛል። ስክሪኑ ላይ ፊደልና ቁጥር ወጥቶ ከሆነ ሳታጠፉት ፎቶ አንሱት። የሚጮህ ከሆነ ሲጨምቅ ድምፁን ቅዱለት፤ አንዳንዱን ቤት ሳይመጣ ከድምፁ ለይቶ የሚያስፈልገውን ዕቃ ይዞ ይመጣል። እስኪደርስ ሶኬቱን ንቀሉት፣ ውሃውንም ዝጉት። ወንድማችን፣ እጅህ ይባረክ።