ለኮብሌንዝ ጉዞ ከሞተርሆም ጋር የትኛውን ሳይክል እንግዛ?

ራይንና ሞዜል ወንዞች የሚገናኙበትን የጀርመኗን ከተማ የኮብሌንዝን ጫፍ ጀርመኖቹ ዶይቸስ ኤክ ይሉታል። ከጫፉ ትይዩ፣ ከሞዜል ማዶ፣ የካምፕ ቦታ አለ። ጠዋት ወደ ውሃው ወጣ ሲሉ የጀርመን ንጉሠ ነገሥት የነበረው ቀዳማዊ ቪልሄልም በነሐስ ፈረሱ ላይ ሆኖ ይታያል። ሞተርሆሙ (መኝታና ማብሰያ ያለው መኪና) እዚያ ከቆመ በኋላ ከተማ ውስጥ ይዞት መግባት ለፓርኪንግ ፍለጋ ካልሆነ ምንም አይጠቅም፤ የባልዱይንን ድልድይ በሳይክል ከተሻገሩ አሮጌው ከተማ ጥቂት ደቂቃ ነው። እና ምርጫው ያለው ሳይክሉ ላይ ነው፦ ታጣፊ፣ የኤሌክትሪክ ወይስ ተራ ባለማርሽ?

ታጣፊው 11 ወይም 12 ኪሎ ቢመዝን ነው። አልጋ ሥር ይገባል፣ ከመኪናው ኋላ የሚሰቀል የሳይክል መጫኛ አይፈልግም፣ ታጥፎ ደግሞ የጀርመን ባቡር እንደ ሻንጣ ይቆጥረዋል። ችግሩ ጎማው ነው። ባለ16 ኢንች ጎማ በአሮጌው ከተማ ኮብልስቶን ላይ ጥርስ ያንገጫግጫል። ዳቦ ገዝቶ ለመመለስ ግሩም ነው፤ 50 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ግን አልመክርም።

የኤሌክትሪኩ በተቃራኒው 25 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሁለት ሲሆኑ 50፣ መጫኛው ሲጨመር ከ60 ያልፋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ክብደቱ የሚንጠለጠለው ከኋላ ጎማ ጀርባ ስለሆነ እንደ ማንሻ ይሠራል። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 4 ሜትር ካለ፣ ከኋላ ጎማው 2 ሜትር ርቆ የተሰቀለ 60 ኪሎ የኋላውን አክስል (የጎማ ዘንግ) 90 ኪሎ ይጫነዋል፣ የፊቱን ደግሞ 30 ኪሎ ያቀልለዋል። በቢ (በአውሮፓ ተራው የመኪና) መንጃ ፈቃድ የሚነዳው ሞተርሆም የጠቅላላ ክብደቱ ጣሪያ 3,500 ኪሎ ነው፤ ውሃ፣ ጋዝና ልብስ ሲገባበት ብዙ አይተርፍም። (እኛማ የእንጀራ ምጣድም ጭነን ነበር። አንድ ጊዜ ሰካነውና የካምፑን ፊውዝ አጠፋነው፤ ከዚያ ወዲህ ቤት ይቀራል።) የቫን ዓይነት ሞተርሆም ካላችሁ ደግሞ መጫኛው የኋላ በሩ ላይ ከሆነ፣ ከበሩ ውስጥ ያለውን የጋዝ ሲሊንደር ለመቀየር በዝናብ ሳይክሎቹን ማውረድ ሊኖርባችሁ ይችላል።

ታዲያ ያ ሁሉ ሞተር ለምን? የሞዜል ዳርቻ የሳይክል መንገድ ከሞላ ጎደል ሜዳ ነው። በክልል ባቡር ሞዜል ዳር እስካለችው ኮኸም ከተማ ሄዶ፣ ከዚያ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የወይን እርሻውን እያዩ ወንዙን ተከትሎ ወደ ኮብሌንዝ መውረድ ይቻላል። በዚህ ክልል ሳይክል በሥራ ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ፣ ቅዳሜና እሁድ ቀኑን ሙሉ በነፃ ይጫናል። ከራይን በላይ 118 ሜትር ላይ ወዳለው የኤረንብራይትሽታይን ምሽግም እ.ኤ.አ. ለ2011 የአበባ ትርኢት የተሠራው የኬብል መኪና ያወጣል። ጉልበት ለሚያመው ወይም ልጅ በጋሪ ለሚጎትት ሞተሩ ዋጋውን ይመልሳል፤ ለሌላው ያገለገለ ባለማርሽ ሳይክል በቂ ነው።

እኛ ኤሌክትሪክ ልንገዛ ቀብድ ለመክፈል አንድ ቀን ሲቀረን ሞተርሆሙን ሙሉ ጭነቱንና መጫኛውን እንደያዘ፣ ሁላችንም ተቀምጠንበት፣ ሚዛን ላይ አወጣነው። ለክብደት ጣሪያው የቀረን 40 ኪሎ ብቻ ነበር። 15፣ 15 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ተራ ሳይክሎች ገዛን።