ከሴራሚክ በታች ያለውን ሥራችንን ለሰው ላሳዩልን የድረ ገጽ ባለሙያ የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

የቤት እድሳት ሥራ ተቋራጭ ስሆን፣ አብዛኛው ሥራችን ውኃ በሚነካቸው የቤት ክፍሎች ላይ ነው፤ መታጠቢያ ቤት፣ ማእድ ቤት፣ በረንዳና ጣሪያ። ይህን የምጽፈው ድረ ገጻችንን እንደ አዲስ ሠርተው ያስረከቡንን ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገን፣ በእኛው የእድሳት ሙያ ላይ ላላችሁም ሙሉ እምነት ኖሮኝ እርሳቸውን ለመጠቆም ነው። «ጎበዝ ናቸው» ብሎ ማለፍ ባለሙያ ለመምረጥ ለተቸገረ ሰው የሚፈይደው ነገር ስለሌለ፣ የሠሩልንን ከነምክንያቱ በዝርዝር አስቀምጣለሁ።

የቀድሞው ድረ ገጻችን ለዓይን የሚያስጠላ አልነበረም። ሲከፈት በየተራ የሚቀያየሩ ትላልቅ ምስሎች ይመጣሉ፤ ቀጥሎ ስለ ድርጅቱ ራእይና ተልእኮ የሚያወሳ ረጅም አንቀጽ አለ፤ ስልክ ቁጥራችን የሚገኘው ግርጌው ላይ ነው። በምስሎቹ ላይ የሚታዩት ቤቶችም እኛ የሠራናቸው ሳይሆኑ ከምስል መሸጫ የተገዙ ነበሩ። ሰው እየገባ እንደሚያየው እናውቃለን፤ በድረ ገጹ አገኘኋችሁ ብሎ የሚደውል ግን እምብዛም አልነበረም፤ ሥራ የምናገኘው ቀድሞ ያሠራን ሰው ለሌላው ሲነግርልን ነበር።

ባለሙያዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ስንገናኝ ስለ ቀለምም ሆነ ስለ አርማ አንድም ጥያቄ አላነሡም። «ሰው ሲደውልልዎ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ ምንድን ነው?» አሉኝ። ከትዝታዬ ልመልስ ስል አስቆሙኝና፣ ለሁለት ሳምንት እያንዳንዱ ደዋይ የሚያነሣውን የመጀመሪያ ጥያቄ በራሱ አነጋገር ደብተር ላይ እንድይዝ አደረጉ። ደብተሩ ሲሞላ እኔ ራሴ ተገረምሁ። ስንት ዓመት እንደሠራን የጠየቀ ሰው የለም። «እኛ አካባቢ ትመጣላችሁ ወይ?»፣ «ቤቱ ውስጥ እየኖርን ይሠራል?»፣ «ለማየት መምጣት ያስከፍላል?»፣ «መሀል ላይ ዋጋ አትጨምሩም አይደል?»፣ «ያለፈው ሠራተኛ አፍርሶ ጥሎን ሄደ፤ እናንተስ?» የሚሉ ነበሩ። አዲሱ ድረ ገጽ የተጻፈው ከዚያ ደብተር ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የመጀመሪያው ገጽ ሲከፈት ምን እንደምንሠራ፣ የት የት እንደምንሄድና እንዴት እንደምንገኝ በሦስት አጭር መስመር ይነበባል፤ ራእይና ተልእኮው ወጥቶ በምትኩ ከመጀመሪያው ጉብኝት እስከ ርክክብ ድረስ ያለው የሥራ ቅደም ተከተል፣ ክፍያው በየትኛው ደረጃ እንደሚፈጸምና ተጨማሪ ሥራ ቢመጣ ደንበኛው በጽሑፍ ሳይስማማ እንደማይጀመር ተገልጿል።

በሁለተኛው ቀጠሮ ያደረጉትን መቼም አልረሳውም። ስለ እኛ ምንም ለማታውቅ አንዲት ወጣት የቀድሞውን ድረ ገጽ በስልኳ አስከፍተው፣ «የመታጠቢያ ቤትሽ ግድግዳ እርጥበት አወጣ እንበል፤ ለእነዚህ ሰዎች ደውይላቸው» አሏትና እኔን አጠገቧ አስቀምጠው ዝም እንድል ነገሩኝ። ልጅቷ ምስሉ እስኪመጣ ጠበቀች፤ ስታነብበው ሌላ ምስል ተተካ፤ ወደ ታች ወረደች፣ ስልክ ቁጥሩን በሁለት ጣት አጉልታ አገኘችው። ስትነካው ምንም አልሆነም፤ ቁጥሩ የምስል አካል እንጂ ጽሑፍ አልነበረም። በቃሏ ይዛ ወደ መደወያው ስትሄድ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ጠፉባትና ተመለሰች፤ ገጹም እንደገና ከላይ ጀመረ። እንድናገር ሲፈቀድልኝ የምለው ጠፋኝ። ቤቱ ውኃ እያፈሰሰ ያለ ሰው ይህን ሁሉ ታግሦ እንደማይደውል ለመረዳት ከዚያ በላይ ማስረጃ አላስፈለገኝም። ዛሬ ቁጥራችን በማንኛውም ገጽ ላይ ከስክሪኑ ግርጌ ሳይጠፋ ይቆያል፤ አንዴ ሲነካም ይደውላል።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን ለፎቶዎቹ ነው። እኔ ያዘጋጀሁላቸው ያለቁ፣ የሚያብረቀርቁ መታጠቢያ ቤቶችን ፎቶ ነበር። አይተው አመሰገኑና፣ «ይህንን ማንም ያሳያል፤ ከሴራሚኩ በታች ያለውን ያሳዩኝ» አሉ። በሙያችን ያለ ሰው የዚህን ቃል ክብደት ያውቀዋል። የአንድ መታጠቢያ ቤት ዕድሜ የሚወሰነው በሚሸፈነው ሥራ ነው፤ ወለሉ ወደ ማፍሰሻው የያዘው ተዳፋት፣ ግድግዳና ወለል በሚገናኙበት ማእዘን ላይ የሚለጠፈው ጨርቅ፣ የውኃ መከላከያው ቅብ፣ የቧንቧው የግፊት ፍተሻ። ደንበኛው ግን ይህንን አያይም፤ ያላየውን ነገር ደግሞ ከዋጋው ላይ ይቀንስልኝ ይላል። ቀጣዩ ሥራችን ሲጀመር ባለሙያዋ ራሳቸው መጥተው ምኑ ምኑ እንደሚነሣ አሳዩን። የውኃ መከላከያው ከደረቀ በኋላ ማፍሰሻውን ደፍነን ወለሉ ላይ ውኃ ሞልተን ለ24 ሰዓት የምናቆይበትን ፍተሻ፣ ሲጀመርና ሲያበቃ የውኃው ከፍታ ግድግዳው ላይ በተሠመረው ምልክት ትክክል መሆኑን ጭምር፣ በተከታታይ ፎቶ አስቀመጡት። ከሥሩ የገባው ጽሑፍ ምን እንደምናደርግ፣ ለምን እንደምናደርገውና ውኃው ቀንሶ ቢገኝ ምን እንደሚደረግ ያስረዳል፤ «ጥራት መለያችን ነው» የሚል ቃል የለበትም። ከዚያ ወዲህ የሚደውሉልን ሰዎች «ያንን ውኃ ሞልታችሁ የምታቆዩትን ለእኛም ታደርጉልናላችሁ?» ብለው ይጀምራሉ። ዋጋ ከማስረዳታችን በፊት ሥራችንን ተረድተውልናል ማለት ነው፤ ይህን ያህል ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ጥሪ ደርሶኝ አያውቅም ነበር።

ባልተስማማንበት ነገርም ትክክል የነበሩት እርሳቸው ናቸው። ስለ ዋጋ ምንም እንዳይጻፍ አጥብቄ ተከራክሬ ነበር፤ ቤቱን ሳላይ ቁጥር መስጠት አልችልምና። እርሳቸው ቁጥር አልጠየቁኝም። ዋጋን የሚጨምሩና የሚቀንሱ ነገሮችን፣ ማለትም ቧንቧው ይቀየራል ወይስ ይቆያል፣ ነባሩ ሴራሚክ ይነሣል ወይ፣ ዕቃውን ማን ይገዛል፣ ፍርስራሹ በምን ይወጣል የሚሉትን፣ በተራ ቋንቋ አስጻፉኝ። ይህን ገጽ አንብቦ የሚደውል ሰው ጥያቄው የተለየ ነው፤ ግምት ሰምቶ የሚጠፋውም ቀንሷል።

ደንበኛ ድረ ገጹ ላይ ሞልቶ የሚልክልን ቅጽም እንዲሁ ታርሟል። የቀድሞው 11 ነገር እንዲሞላ ይጠይቅ ነበር፤ አሁን ስም፣ ስልክ፣ አካባቢና የችግሩ አጭር መግለጫ ብቻ ሲሆን፣ የሚፈልግ ፎቶ ማያያዝ ይችላል። የእርጥበቱን ፎቶ ቀድሜ ማየቴ ለጉብኝት ስሄድ ምን መሣሪያ ይዤ እንደምሄድ ይነግረኛል። «ላክ» ይል የነበረው ቁልፍ «መጥተን እንድናይልዎ ይጠይቁ» በሚል ተተክቷል፤ ከተላከም በኋላ መልእክቱ እንደደረሰና መቼ እንደምንደውል የሚገልጽ ገጽ ይመጣል። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን አንዴ የተከዳ ደንበኛ ምላሽ ሲያጣ ወዲያው ወደ ሌላ ይሄዳል።

ስለ ቴክኒኩ ብዙ ማለት አልችልም፤ የተረዳሁትን ያህል ልጻፍ። ከስልኬ እንዳለ የጫንኋቸው ፎቶዎች ከ4,000 ፒክስል በላይ ስፋት ነበራቸውና ገጹን አዘግይተውት ኖሯል። ባለሙያዋ መጠናቸውን ቀንሰው ዌብፒ ወደሚባለው ቀለል ያለ የምስል ፋይል ዓይነት ለወጧቸው። ጉግል የአንድ ገጽ ዋና ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ቢታይ ጥሩ እንደሚለው ነግረውኝ፣ ሥራቸውን ያስረከቡኝ በቢሮው ፈጣን መስመር ሳይሆን በተራ ስልክና በሞባይል ዳታ ለክተው ካሳዩኝ በኋላ ነው።

አንድ ነገር በጥብቅ እንድታስተውሉ እለምናችኋለሁ። የቀድሞውን ድረ ገጽ የሠራልን ወገን የድረ ገጹን አድራሻ ያስመዘገበው በራሱ ስም ስለነበር፣ ስንለያይ አድራሻውን ማግኘት ሳንችል ቀረን፤ በየመኪናው ላይ የጻፍነውን ሁሉ አጥፍተን እንደገና ጻፍን። እኚህ ባለሙያ ግን ገና ሥራ ሳይጀምሩ አድራሻውን በእኔ ስምና በእኔ ኢሜይል አስመዘገቡ፤ የይለፍ ቃሎቹንም ሁሉ ሲያስረክቡ በጽሑፍ ሰጡኝ።

ካስረከቡም በኋላ አልጠፉም። ስንት ሰው ገባ ከሚለው ይልቅ ስንት ሰው የስልክ ቁልፉን ነካ፣ ስንት ሰው ቅጹን ላከ የሚለውን ይቆጥራሉ። ከአንድ ወር በኋላ ስለ ጣሪያ ሥራ የሚያወሳው የድረ ገጹ ክፍል በብዛት እየተነበበ ማንም ከዚያ ተነሥቶ እንደማይደውል አሳዩኝ። ወደ ደብተሩ ተመለስንና፣ ስለ ጣሪያ ሰው ሁሉ የጠየቀው «በዝናብ ወቅት ይሠራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ገጹ ላይ መልስ እንዳላገኘ አየን። ባለሙያዋ መልሱን በሁለት አንቀጽ አስጽፈው ከላይ አስገቡት፤ ከዚያ በኋላ ከዚያ ገጽ ጥሪ መምጣት ጀመረ።

ለሚቸኩል ሰው እርሳቸውን አልጠቁምም፤ ብዙ ይጠይቃሉ፣ ያልተሠራ ሥራ ተሠርቷል ተብሎ እንዲጻፍ አይፈቅዱም፣ የደንበኛ ምስክርነትም ባለቤቱ ፈቅዶ ካልሆነ አያስገቡም። የማስታወቂያ ሥራ አይሠሩም። ከልብ አመሰግናቸዋለሁ፤ አብረውኝ የሚሠሩት ልጆችም የማይታየው ሥራቸው ታይቶላቸዋልና ምስጋናው የእነርሱም ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዳይወጣ ስለጠየቁኝ፣ አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። እስከዚያው የሚሸፈነውን ሥራ ከመሸፈኑ በፊት ፎቶ ማንሣት ከዛሬ ጀምሩ፤ የእኔን ድረ ገጽ ከሁሉ በላይ ያዘገየው የእነዚያ ፎቶዎች አለመኖር ነበርና።