ስካይሪም ከወራት ጨዋታ በኋላ፦ ቀጣዩ ኤልደር ስክሮልስ መጀመሪያ ምን ያስተካክል?

ቤተስዳ ስለሠራው የኤልደር ስክሮልስ ተከታታይ አምስተኛ ጌም፣ ስለ ስካይሪም፣ የመጀመሪያ ሰዓታት የተጻፈው ሞልቷል፤ ተራራው፣ በረዶው፣ ድንገት ከሰማይ የሚወርደው ድራጎን። የጌሙ ትክክለኛ ጠባይ የሚታወቀው ግን ገጸ ባሕርይው ሌቭል 30ን ተሻግሮ፣ ሴቭ ፋይሉም (ጨዋታው የሚቀመጥበት ፋይል) አብሮት ሲወፍር ነው። እዚህ የሚገመገመው እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ስፔሻል ኤዲሽን ነው፤ በፒሲ፣ ከነሞዱ (ተጫዋቾች ከሚሠሯቸው ተጨማሪዎች ጋር)፣ ለወራት ሲጫወቱት። ስድስተኛው ኤልደር ስክሮልስ በ2018 በአጭር ቪዲዮ ከተበሰረ ወዲህ ብዙው ሰው የሚጠይቀው ካርታው ምን ያህል ይሰፋ ይሆን እያለ ነው። ስካይሪም ካርታ አላነሰውም። ያነሰው ሁለተኛ ግማሽ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከዕድገት ሥርዓቱ ነው። ጌሙ 18 ስኪሎች (ችሎታዎች) አሉት፤ ሁሉም የሚያድጉት በመሥራት ነው። ሰይፍ የሚመዝ ሰይፈኛ ይሆናል፣ ተደብቆ የሚሄድ ሌባ ይሆናል። ስኪሎቹ ሲያድጉ ሌቭል ይጨምራል፤ በየሌቭሉ ለጤና፣ ለማጂካ (ለድግምት ጉልበት) ወይም ለስታሚና (ለአካል ጉልበት) 10 ነጥብና አንድ ፐርክ (ስኪልን የሚያጠናክር ጉርሻ) ይገኛል። ሐሳቡ እስካሁን ተወዳዳሪ ያለው አይመስለኝም። ነገር ግን ሌቭልን ከፍ የሚያደርገው ማንኛውም ስኪል ነው፤ ጠላቶችም የሚመጠኑት በሌቭሉ እንጂ በተጫዋቹ የመዋጋት ችሎታ አይደለም። ስለዚህ ገና ከጅምሩ ከተማ ተቀምጦ ብረት ሲቀጠቅጥ፣ ፖሽን የሚባለውን ኃይል ሰጪ መጠጥ ሲቀምምና ሲነግድ የከረመ ገጸ ባሕርይ ሌቭል 20 ደርሶ ከበር ሲወጣ፣ ሰይፉ ገና 20ዎቹ ውስጥ እያለ ጠንከር ያሉ ሽፍቶች ይጠብቁታል። ጀማሪዎች «ጌሙ በድንገት ከበደ» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ይኼ ሲገጥማቸው ነው። መላው ቀላል ነው፦ ዋናውን የመዋጊያ ስኪል 40 አካባቢ ሳያደርሱ ስሚቲንግን (የብረት ቅጥቀጣ ስኪልን) አለመግፋት።

በነገራችን ላይ፣ የብረት ጩቤ በገፍ እየሠሩ ስሚቲንግን ማሳደግ የሚለው የድሮ ምክር ጊዜው አልፎበታል። ጩቤዋ አንድ የብረት ጡብና አንድ የቆዳ ጠፈር ብቻ ስለምትፈጅ መጀመሪያ ላይ አዋጭ ነበረች። ፓች 1.5 (የማስተካከያ ዝማኔው) ከመጣ ወዲህ ግን የሚገኘው ልምድ የሚሰላው በተሠራው ዕቃ ዋጋ ነው። አሁን የሚሻለው ከዋይትራን ከተማ በስተሰሜን ካለው ሃልትድ ስትሪም ካምፕ የትራንስሚውት መጽሐፍን ማንሳት ነው። ድግምቱ የብረት ማዕድንን ወደ ብር፣ ብሩን ወደ ወርቅ ይለውጣል፤ ሁለት የወርቅ ማዕድን ቀልጦ አንድ ጡብ ይወጣዋል፤ ከጡቡ ቀለበት ይሠራል። ድግምቱን መደጋገሙ የኦልተሬሽን ስኪልንም በጎን ያሳድጋል።

ዋናው ስንጥቅ ያለው ግን ሦስቱ የእጅ ሙያዎች፣ ማለትም አልኬሚ (የፖሽን ቅመማ)፣ ኤንቻንቲንግ (ለዕቃ የአስማት ኃይል መስጠት) እና ስሚቲንግ፣ እርስ በርሳቸው በሚመጋገቡበት ቦታ ነው። የሰማያዊ ቢራቢሮ ክንፍና ስኖውቤሪ ሲቀላቀሉ ኤንቻንቲንግን የሚያጠነክር ፖሽን ይወጣል። ያንን ጠጥቶ ለራስ ቁር፣ ለእጅ ጓንት፣ ለቀለበትና ለአንገት ጌጥ አልኬሚን የሚያጠነክር ኃይል ይሰጣል። ያንን ለብሶ ደግሞ ከፊተኛው የበረታ ፖሽን ይቀመማል። ጥቂት ዙር እንደተሄደ ብሊስተርዎርትና ግሎዊንግ መሽሩም ተቀላቅለው የሚሰጡት የስሚቲንግ ፖሽን ተራውን ሰይፍ ድራጎን በጥቂት ምት የሚጥል ያደርገዋል። ይህ እንግዲህ ሕጋዊው መንገድ ነው። ሕገወጡ ደግሞ የሬስቶሬሽን ዙር የሚባለው ነው፦ ሬስቶሬሽንን (የፈውስ ድግምት ስኪልን) የሚያጠነክር ፖሽን ጠጥቶ የአልኬሚውን ልብስ አውልቆ መልሶ መልበስ። ጌሙ የልብሱን ኃይል እንደ ሬስቶሬሽን ድግምት ስለሚቆጥረው ቁጥሩ ያለ ገደብ ይወጣል። አንኦፊሻል ፓች የሚባለው ሞድ ይህንን ዘግቶታል፤ ሕጋዊውን ግን አልነካውም።

የመከላከያ ኃይልም ጣሪያ አለው። ራስ፣ ደረት፣ እጅና እግር ተሸፍኖ በስክሪኑ የሚታየው ቁጥር 567 ሲደርስ ጉዳቱ በ80 በመቶ ይቀንሳል፤ ከዚያ በላይ የሚጨመረው ሁሉ ከንቱ ነው። በስሚቲንግ ፖሽን የታገዘ ሰው እዚህ ቁጥር የሚደርሰው ዋናውን ታሪክ ሳያጋምስ ነው። «ታዲያ ዲፊከልቲውን (የክብደት ደረጃውን) ወደ መጨረሻው፣ ወደ ሌጀንደሪ ከፍ አድርገው» የሚለው መልስ አያስኬድም። ሌጀንደሪ የሚያደርገው የተጫዋቹን ምት ወደ ሩብ ማውረድና የሚደርስበትን ጉዳት ሦስት እጥፍ ማድረግ ብቻ ነው። ጠላት ብልህ አይሆንም፣ አዲስ ስልት አይዝም። ሙያዎቹን የተጠቀመ ሰው አሁንም አይነካም፤ ያልተጠቀመው ደግሞ አንድን ድብ ሲቀጠቅጥ ይውላል።

አስማተኛውን የሚገጥመው የዚህ ተቃራኒ ነው። የሰይፍ ምት በስኪልም፣ በፐርክም፣ በስሚቲንግም ይጨምራል። የዲስትራክሽን (የማጥቂያ) ድግምት ግን ስኪሉ ሲያድግ የሚቀንሰው ወጪው ነው እንጂ ጉዳቱ አይጨምርም። የሚያልቀውም እንዲህ ነው፦ በራስ፣ በደረት፣ በቀለበትና በአንገት ጌጥ ላይ እያንዳንዳቸው 25 በመቶ ወጪ የሚቀንስ ኤንቻንትመንት ይደረጋል፤ ወጪው ዜሮ ይሆናል፤ ከዚያ ጠላትን የሚያንገዳግደውን፣ ኢምፓክት የሚባለውን ፐርክ ይዞ በሁለት እጅ እየወረወሩ ጠላቱን ሳይላወስ መጨረስ። ይሠራል፤ ጨዋታ ለማለት ግን ይከብዳል። እስከ አራተኛው ጌም እስከ ኦብሊቪዮን ድረስ የነበረው የራስን ድግምት የመቀመም ዕድል እዚህ መቅረቱ ነገሩን አብሶታል።

ከቀጣዩ ጌም የሚጠበቀው ስለዚህ ግልጽ ነው፤ መነሻውም በቤተስዳ እጅ አለ። በሌላው ጌሙ በስታርፊልድ ላይ ስኪል ከደረጃ ወደ ደረጃ ለማለፍ ነጥብ ብቻ አይበቃም፤ ከሙያው ጋር የተያያዘ ፈተና መጨረስ ያስፈልጋል። ይህ በስካይሪሙ «በመሥራት ማደግ» ላይ ቢጨመር አንድ ዓይነት ቀለበት ደጋግሞ ሠርቶ 100 መድረስ ይቀራል። በ2025 የወጣው የኦብሊቪዮን ሪማስተር ደግሞ በየሌቭሉ 12 ነጥብ ሰጥቶ እስከ ሦስት አትሪቢዩት (እንደ ጉልበትና ፍጥነት ያሉ ባሕርያት) ላይ እንዲከፋፈል ማድረጉ፣ የድሮውን ስሌት ቀላል አድርጎ ገጸ ባሕርያትን እንደገና ለያይቷል። ስካይሪም አትሪቢዩቶቹን ጠርጎ ካስወጣ ወዲህ ሁሉም ተጫዋች መጨረሻው ተመሳሳይ ሆኗል፤ የተደበቀ ቀስተኛ።

ተጫዋቹ ስለሚቀላቀላቸው የጌሙ ማኅበራት ብዙ ማለት አያሻም። የአስማተኞቹን ማኅበር፣ የዊንተርሆልድ ኮሌጅን በር ለማለፍ አንድ ድግምት ማሳየት ይበቃል፤ ከዚያም የጀማሪ ድግምት ብቻ ይዞ የኮሌጁ አለቃ መሆን ይቻላል። ሦስተኛው ጌም ሞሮዊንድ በ2002 ማዕረግ ለመስጠት ስኪል ይጠይቅ ነበር። ይመለስ።

ለወራት የሚጫወት ሰው በጣም የሚፈተነው ግን በሴቭ ፋይሉ ነው። የሞድ ስክሪፕቶች (ሞዱን የሚያንቀሳቅሱት ትእዛዞች) ሁኔታቸውን የሚጽፉት እዚያው ሴቩ ውስጥ ስለሆነ፣ ሞዱ በመሃል ሲነቀል ስክሪፕቱ ወላጅ አልባ ሆኖ ይቀራል። ጉዳቱ ወዲያው አይታይም፤ ቆይቶ ኩዌስት (ተልእኮ) አይንቀሳቀስም፣ በር ሲከፈት ጌሙ ይዘጋል። ስለዚህ የተጀመረ ጨዋታ ላይ ሞድ መጨመር አልፎ አልፎ ያስኬዳል፤ መንቀል ግን አያዋጣም። አውቶሴቭን ማጥፋት፣ በየጊዜው በአዲስ ቦታ በእጅ ሴቭ ማድረግና ውጊያ መሃል ኩዊክሴቭ አለመንካት ብዙ ራስ ምታት ያስቀራል። ሙሉ ፕለጊን (ሞድን ወደ ጌሙ የሚያስገባ ፋይል) ከ254 አያልፍም፤ ኢኤስኤል የሚባሉት ቀላሎቹ ግን እስከ 4096 ስለሚፈቀዱ ትናንሾቹን ሞዶች በዚያ መልክ መምረጥ ነው። በሴኮንድ የሚታየው ምስል (ፍሬም) ከ60 እንዳያልፍ ይገደብ፤ ፊዚክሱ ከፍሬሙ ጋር ስለታሰረ፣ ከዚያ ሲያልፍ ጠረጴዛ ላይ ያለው ሰሃንና ማንኪያ ቤት ሲገባ በራሱ ይበተናል።

ሌላው በሽታ ዝማኔ ነው። በኅዳር 2021 አኒቨርሰሪ ኤዲሽን ሲመጣ ስሪቱ ከ1.5.97 ወደ 1.6 ተሻገረ፤ ኤስኬኤስኢ በሚባለው የሞዶች ረዳት ፕሮግራም ላይ የቆሙ ሞዶችም በአንድ ቀን ተሰበሩ። በታኅሣሥ 2023 እንደገና ተደገመ። ኤስኬኤስኢ የሚንጠለጠለው በራሱ በጌሙ ማስነሻ ፋይል ላይ ስለሆነ፣ ፋይሉ በተቀየረ ቁጥር እንደ አዲስ መሠራት አለበት። መከላከያው በስቲም ላይ ጌሙ ሲከፈት ብቻ እንዲዘመን መምረጥ፣ ሁልጊዜም በኤስኬኤስኢ ማስጀመሪያው በኩል መክፈት፣ የማስነሻ ፋይሉንም ቅጂ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ቀጣዩ ጌም ተጫዋቹ የቆየውን ስሪት በአንዲት ምርጫ ይዞ እንዲቆይ ቢፈቅድ፣ ሴቩም የሞዶችን መረጃ ከራሱ ለይቶ ቢያስቀምጥ፣ እኔ በበኩሌ ካርታው ከስካይሪም ቢያንስም ግድ የለኝም።