ከማዘጋጃ ቤት ደጅ የራሳችሁን መረጃ አትግዙ

ይህን የምጽፈው ንዴቱ ሳይበርድልኝ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ከክፍለ ከተማም ሆነ ከማዘጋጃ ቤት ወረቀት የምትፈልጉ ሁሉ፣ ከአጥሩ ውጭ ፎልደር በብብታቸው ይዘው ከሚቆሙት ጉዳይ ገዳዮች ምንም ነገር እንዳትገዙ። እኔ ሦስት ሺህ ብር ከፍዬ የሌላ ሰፈር ውል ገዝቼ ገብቻለሁ።

ሰዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። ማመልከቻ በሚጻፍበት ቤት ደጅ ቆመው ከግቢው የሚወጣውን ሰው ፊት ያነባሉ። ምን ተከልክላችሁ እንደወጣችሁ ሳትናገሩ ያውቃሉ። ከዚያ «ውስጥ ሰው አለኝ» ይመጣል።

የሰፈራችን መንገድ በኮብልስቶን እንዲነጠፍ ነዋሪው የድርሻውን አዋጥቷል። ጡረተኛው ከጡረታው፣ ጠላ ሻጯ ከጠላዋ እየቀነሰች ከፍላለች። ድንጋዩ እስከ መንገዱ አጋማሽ ተነጥፎ ቆመ። ለቀሪው ተከምሮ የነበረውን አሸዋ ክረምቱ ጠርጎ ወሰደው፤ ሐምሌ ላይ ጎርፉ ሰው ቤት ገባ። የዕድሩ ጸሐፊ በመሆኔ የውሉን ቅጂ እና ለሥራ ተቋራጩ የተከፈለውን ሂሳብ ጠይቄ እንዳመጣ ተላክሁ። ስንት ካሬ ሜትር ሊነጠፍ ተዋዋሉ፣ እስካሁንስ ስንት ተከፈለ፤ ሌላ ምንም አልጠየቅንም። የአዲሱ ዓባይ ድልድይ ርዝመት 380 ሜትር መሆኑን በከተማችን የሊስትሮ ልጅ ሳይቀር ያውቃል፤ በ2016 ሲመረቅ ሲነገረን ነው የከረመው። የእኛ ሰፈር መንገድ ርዝመት ግን ምስጢር ነው።

ምስጢር ነው ያልሁት እኔ አይደለሁም፤ የመረጃ ክፍሉ ሠራተኛ ነው። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የሚከለከሉትን መረጃዎች በስማቸው ዘርዝሯቸዋል። የአገር ደኅንነት አለ፣ የካቢኔ ሰነድ አለ፣ የሦስተኛ ወገን የንግድ ምስጢር አለ፣ የግለሰብ የግል ጉዳይ አለ። «የጥርብ ድንጋይ ካሬ ሜትር ከየትኛው ነው የሚመደበው?» ብዬ ብጠይቀው «እሱ አዋጅ ተሽሯል፤ ደግሞ ለእኔ ሕግ አታስተምሪኝ» አለኝ። አልተሻረም። በ2013 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1238 የተካው የመገናኛ ብዙኃኑን ክፍል ነው፤ መረጃ የማግኘት መብቱን አልነካውም። ቢነካው እንኳ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድል መብት ነው ይላል። ይህን ሁሉ ነገርሁት። ስልኩን እየነካካ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው የተለመደው ነው። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ የያዘችው ልጅ ወሊድ ፈቃድ ላይ ናት፤ ከዕድሩ ደብዳቤ አምጪ፤ ደብዳቤው ማኅተም የለውም፤ ማኅተሙ አይነበብም። በመጨረሻ ማኅተሙ ጎልቶ የሚነበብ ማመልከቻ አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁለት። «ይታያል» አለ።

ሰውዬው የያዘኝ ከዚያ ስወጣ ነው። ዕድሜው ከታናሽ ወንድሜ አይበልጥም፤ ትሕትናው ደግሞ የቄስ ልጅ ያስመስለዋል። «እትዬ፣ ለዚህች ነው እንዲህ የሚያንገላቱዎት? ውሉም የክፍያ ሰነዱም አለ። ከሰዓት በኋላ እጅዎ ይገባል። ገንዘቡ ለእኔ አይደለም፤ ለውስጥ ሰው ሻይ ቡና ነው።» አምስት ሺህ ብሎ በሦስት ሺህ ተስማማን። በቴሌብር ልላክልህ ስለው በጥሬው ይሁን አለ። እንዳለውም ከሰዓት በኋላ የታሸገ ካኪ ፖስታ ሰጠኝ፤ ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ የካሬ ሜትሩ ብዛት በአሃዝም በፊደልም ተጽፏል።

ቤቴ ገብቼ መስኮቱ አጠገብ ስዘረጋው የቀበሌያችን ቁጥር ያለበት ቦታ እብጥ ብሏል። በጥፍሬ ብፍቀው ነጭ የማጥፊያ ቀለም ነው፤ እንደ ቅርፊት ተላጠ። ከሥሩ የሌላ ቀበሌ ቁጥር ወጣ። ቀኑንም ፋቅሁት፤ ከሥሩ ያለው የእኛ መዋጮ ገና ሳይጀመር የነበረ ዓመት ነው። ሰውዬው ላይ ስደውል ስልኩ አይነሣም፤ ኋላ ላይ ጭራሹን ዘጋብኝ።

ዛሬ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ ወደ መረጃ ክፍሉ ሄድሁ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ አንኳኩቼ ገባሁ። ሠራተኛው ጠረጴዛው ላይ ነው። ከጎኑ፣ በሠራተኛ ወንበር ላይ፣ እግሩን አነባብሮ የተቀመጠው ማን መሰላችሁ? ያ ትሑት ልጅ። በመካከላቸው የገብስ ቆሎ ተዘርግቷል፤ እየዘገኑ ይቆረጥማሉ። ዓይኔ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ የዕድራችን ክብ ማኅተም ከገብሱ መካከል ብቅ ብሎ አየሁት። ቆሎው የተዘረጋበት ማመልከቻችን ነው! የሰፈሩ ሽማግሌዎች መነጽራቸውን እያወጡ አንድ በአንድ የፈረሙበት ወረቀት።

ልጁ ዓይኔን እያየ «ምን ፈለግሽ ሴትዮ?» አለኝ። እትዬ የለ፣ አንቱታ የለ። «ይህን ወረቀት ሦስት ሺህ ብር የሸጥህልኝ አንተ አይደለህም?» ስል ወደ ሠራተኛው ዞሮ «ታውቃታለህ?» ብሎ ጠየቀው። ሠራተኛው ወረቀቱን ተቀብሎ አየ፤ የፋቅሁትን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳበሰ። ከዚያ እጁን ከቆሎው ትቢያ አራግፎ፣ «ሐሰተኛ ሰነድ ይዞ መንግሥት መሥሪያ ቤት መግባት እንደሚያሳስር ታውቂያለሽ?» አለኝ። የሸጠልኝን ሰው ጎኑ አስቀምጦ እኔን በእስር ያስፈራራኛል! ማመልከቻችን የት ደረሰ ብዬ ጠየቅሁ። «የመዝገብ ቁጥር አለሽ?» አለ። አልነበረኝም፤ ተቀብያለሁ ብሎ የፈረመበት ቅጂም የለኝም። ሁለቱም ሳቁ። ጥበቃው እስከ በሩ ሸኘኝ፤ እሱ እንኳ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ልጁ ላይ አልፈርድም። የሚያንገበግበኝ ውስጥ የተቀመጠው ነው። ደመወዙ የሚከፈለው ይህንኑ መረጃ ለሕዝብ እንዲሰጥ ነው፤ የክፍሉ ስም በሩ ላይ ተለጥፏል። እሱ በሩን ባይዘጋብን ኖሮ ውጭ ያለው ምን ይሸጥ ነበር? ሰው ተንገላቶ ተንገላቶ እስኪወጣ ይጠብቁታል፤ ሲወጣ ይቀበሉታል። የቱ ክፍለ ከተማ እንደሆነ ስም አልጠራም፤ ጉዳዩን ገና በሕግ እይዘዋለሁ።

ለማንኛውም፣ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አድርጋችሁ በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ አንዱን ለመዝገብ ቤት ስጡ፣ በሌላው ላይ ቀንና ቁጥር አስጽፋችሁ፣ አስፈርማችሁ ያዙ። መጻፍ የማይችል ሰው በቃሉ መጠየቅ ይችላል፤ ጽፎ የመያዝ ግዴታው የሠራተኛው ነው። መልስ በሠላሳ ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት፤ ከከለከሉ ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጧችሁ። ካልሆነ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ አቤት በሉ፤ ከዚያ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ሂዱ፤ እዚሁ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው።

እኛም ሌላ ማመልከቻ እያዘጋጀን ነው። ሽማግሌዎቹ እንደገና ሊፈርሙ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ይሰበሰባሉ፤ የፊተኛው ምን ሆነ ብለው ሲጠይቁኝ የቆሎውን ነገር እንዴት አድርጌ እንደምነግራቸው አላውቅም። ልጁ ይህን ካነበበ ሦስት ሺህ ብሬን ይመልስ። አሁን በቴሌብርም እቀበላለሁ፤ ስልኬን ያውቀዋል፣ የዘጋብኝ እሱ ነው።