ለብዥታዋ የገዛኋት ሌንስ፦ 11 ወር ከ85 ሚሊ ሜትር ጋር

ኅዳር 2017 ላይ ነው። አንድ ከሀገር ሊወጣ የነበረ ፎቶግራፈር ዕቃውን እየሸጠ መሆኑን ሰማሁ። ስደርስ ስታንዱንም፣ ሶፍት ቦክሱንም፣ ፍላሹንም ሌሎች ወስደውታል። የተረፈችው አንዲት 85 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ነበረች። ለማያውቅ፦ ሚሊ ሜትሩ ሲበዛ ሌንሷ አቅርባ፣ አጥብባ ታሳያለች፤ ኤፍ የብርሃን ቀዳዳዋ ልክ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ጀርባውም ይበልጥ ይደበዝዛል። 32 ሺህ አለኝ። ዶላሩ ከተለቀቀ ወዲህ የአዲስ ሌንስ ዋጋ መጠየቅ ራስ ምታት ስለሆነ ብዙም አልተከራከርኩም። ሁለት ሺህ አስቀንሼ፣ ሚስቴን እንዴት እንደማስረዳት እያሰብኩ ይዣት ገባሁ።

የካምፓኒውን ስም አልጠራም። አንደኛ ማንም አልከፈለኝም። ሁለተኛ ካኖንም፣ ኒኮንም፣ ሶኒም የየራሳቸው 85 ኤፍ 1.8 አላቸው፤ ከዚህ በታች የምለው አብዛኛው ለሁሉም ይሠራል። የኔዋ ለባለ መስታወቱ ካሜራ የተሠራች፣ የቆየች ናት። ግማሽ ኪሎ አትሞላም። የምገጥማት 11 የፎከስ ነጥብ ብቻ ባለው አሮጌ ፉል ፍሬም (ምስል መቀበያው ትልቅ የሆነ) ካሜራ ላይ ነው። እንጀራዬን የሚጋግርልኝ እሱ ስለሆነ አልሰድበውም።

ለምን ገዛኋት? ለብዥታዋ። አዲሱ ገበያ ትንሽ ስቱዲዮ አለኝ። የሚመጣው ደንበኛ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ «እንደዚህ ጀርባው ጥፍት ብሎ» ይለኛል። ስልኮች አሁን በሶፍትዌር ጀርባውን ያደበዝዛሉ። የሹሩባውን ጫፍ አብረው ይቆርጡታል እንጂ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። እኔ ደግሞ በአንዲት 24-105 ኤፍ 4 ዙም ሌንስ ነበር የምሠራው። ስልክ የሚያደርገውን እኔ ማድረግ አቃተኝ ማለት ነው። ያሳፍራል።

የመጀመሪያው ሳምንት ፍቅር ነበር። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሜትሩን አወጣሁ።

ስቱዲዮዬ 3 በ4 ሜትር ነው። ከ4 ሜትሩ ላይ ባክግራውንዱና ስታንዱ ግማሽ ሜትር ይበላሉ። ሰውየው ጥላው እንዳይወድቅ ከባክግራውንዱ አንድ ሜትር ይርቃል። እኔ ራሴም ውፍረት አለኝ። ቀሪው ሁለት ሜትር ተኩል ባይሞላ ነው። በዚህ ርቀት 85 የሚይዝልህ ካሜራውን በቁመት ይዘህም ቢሆን አንድ ሜትር ያህል ቁመት ነው። ከወገብ በላይ በቃ። አንድን ሰው ከእግር እስከ ራሱ ለማስገባት 5 ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። ስለዚህ የሀበሻ ቀሚሷን እስከ ጥለቱ ማሳየት የምትፈልግ ደንበኛ ስትመጣ በሩን ከፍቼ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ አነሳለሁ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው በመሀል ሲያልፍ ጎንበስ ይላል። ለምዶታል።

ለፊት ግን ሌላ ነገር ናት። አንድ ሜትር ተኩል ላይ ቆሜ ከትከሻ በላይ ሳነሳ አፍንጫ አይተልቅም፣ ግንባር አይገፋም፣ ጆሮ ወደ ኋላ አይሸሽም። በርቀቱ ምክንያት ነው፤ ቀረብ ብለህ ስታነሳ የቀረበው አካል ይገንናል፣ ራቅ ስትል ሁሉም ወደ ልኩ ይመለሳል። ደንበኞች ይሄን አያውቁትም። «ዛሬ ደግሞ ቆንጆ ወጣሁ» ብለው ነው የሚሄዱት። እኔም ዝም እላለሁ።

አሁን ወደ ጉዱ። መጀመሪያ ወር ላይ ከአሥሩ ፎቶ አራቱ ፎከሱ ስቶ ይወጣ ነበር። ዓይን ላይ አድርጌ ነክቼ ጆሮ ላይ ያርፋል። እጄ ነው ብዬ ስንቱን ደንበኛ ድጋሚ አስቀመጥኩ! በመጨረሻ ጋዜጣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ ካሜራውን ስታንድ ላይ አድርጌ፣ ከላይ በሰያፍ አንዷን መስመር ፎከስ አድርጌ አነሳሁ። የጠራው ሁለት መስመር ወደ ኋላ ነው። ካሜራው ሜኑ ውስጥ ለየሌንሱ ፎከስ ማስተካከያ አለ። ወደ መቀነስ ስድስት አወረድኩት፣ ተስተካከለ። አሮጌ ካሜራና አሮጌ ሌንስ ስታጋባ ይሄን ሳትሞክር ሥራ አትቀበል። ኤፍ 1.8 ላይ፣ አንድ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ፣ ጥርት የሚለው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ብቻ ነው። ሰውየው በረጅሙ ቢተነፍስ ፎከሱ ያልፈዋል።

ጥር ላይ ደግሞ ሐምራዊው ነገር መጣ። ጥምቀት ጃንሜዳ ወጣሁ። ፀሐይ፣ ነጭ በነጭ የለበሰ ሕዝብ፣ ከኋላ የዛፍ ጥላ። ለዓይን ገነት ነው። ቤት ገብቼ ስከፍተው የነጠላው ጠርዝ ሁሉ ሐምራዊ ክር ተሰፍቶበታል። ምክንያቱ የታወቀ ነው። ቀዳዳቸው ሰፊ የሆኑ የድሮ ሌንሶች ሁሉንም ቀለም እኩል አንድ ቦታ ላይ አያሳርፉም፤ ነጭ ከጥቁር ጋር ሲዋሰን ትርፉ በጠርዙ ይወጣል። እኛ ደግሞ ነጭ የምንለብስ ሕዝብ ነን። ላይትሩም የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ማጥፊያ አለው፤ ግን እሱን ጠንከር ሲያደርጉት የካህናቱን ሐምራዊ ጃንጥላና የሴቶቹን ጥለትም ዳር ዳሩን ግራጫ ያደርገዋል። ሁለት ሌሊት በብሩሽ እየመረጥኩ ሠራሁ። ኤፍ 2.8 ላይ ባነሳው ኖሮ አብዛኛው አይመጣም ነበር።

በዚያ ላይ የቀትር ፀሐይ። የካሜራዬ ፍጥነት 1/4000 ሰከንድ ላይ ያልቃል። ሜዳ ላይ ኤፍ 1.8 ከፍተህ በስድስት ሰዓት ፀሐይ ብታነሳ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት ልክ) ዝቅተኛው 100 ላይም ቢሆን፣ ነጠላው ተቃጥሎ ይቀራል። ብርሃን የሚቀንስ ፊልተር ገዛሁ። ለዚህች ሌንስ 58 ሚሊ ሜትር ነው፤ ትንሽ ስለሆነ ረከስ ይላል። በነገራችን ላይ የፀሐይ መከለያዋ አብሯት አልነበረም፣ እሱንም ለብቻ ገዛሁ። «30 ሺህ» ያልኩት ወጪ እንዲህ እንዲህ እያለ 37 ሺህ ደረሰ። ሚስቴ ይሄን እንዳታነብ።

ሐምሌ የምርቃት ወር ነው። የዓመት ኪራዬን የምሸፍነው በዚያ ነው። ስድስት ኪሎ አንድ ተመራቂ ከነቤተሰቡ ቀጠረኝ። ዘጠኝ ናቸው። ጎን ለጎን ቆመው እቅፍ አበባቸውን ይዘው ይጠብቁኛል። እኔ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ... ዘጠኝ ሰው በ85 ለማስገባት ከ10 ሜትር በላይ መሄድ ነበረብኝ። አስፋልቱ ላይ ወረድኩ። የሚኒባሱ ረዳት «ፎቶ ቤት ግባ እንጂ!» ብሎኝ አለፈ። እውነቱን ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ለቡድን 24-105ቷን ይዤ እወጣለሁ፤ 85ቷን ለተመራቂውና ለእናቱ ብቻ።

ቤት ውስጥ ብዙም አልሆነችም። ልጄ አራት ዓመቷ ነው። ሌንሷ ከ85 ሴንቲ ሜትር በታች አትፎክስም። ልጄ ደግሞ ካሜራ ስታይ ወደ ካሜራው ነው የምትሮጠው። ሌንሷ ወዲያና ወዲህ ስትል ልጅቷ ደርሳ መስታወቱ ላይ በሽሮ እጇ ማኅተሟን ታሳርፋለች። የዚህ ዓመት የልጄ ምርጥ ፎቶዎች በሚስቴ ስልክ የተነሱት ናቸው። እየመረረኝ ነው የምጽፈው።

ዋናው ነገር ግን የራሴ ሥራ ላይ የመጣው ነው።

ፎቶ ቤት ያለው ሰው ይሄን ያውቃል። ጠዋት በሩን ሳትከፍት አንድ ሰው ዓይኑ ቀልቶ ቆሞ ይጠብቅሃል። እጁ ላይ የቀበሌ መታወቂያ አለ። «ለለቅሶ የሚሆን ትልቅ አድርግልኝ» ይላል። ፎቶዋ ሦስት በአራት ሴንቲ ሜትር ናት፣ ማኅተሙ አገጩን አቋርጦ አልፏል። ከዚያ ላይ ነው የሰው አባት የምሠራው። ማኅተሙን እየፋቅኩ አገጩን በግምት ስሞላ ስንት ጊዜ «ይቅር በሉኝ አባባ» እንዳልኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ስለዚህ የካቲት ላይ የሰፈራችንን እድር ሽማግሌዎችና እናቶች በነፃ ማንሳት ጀመርኩ። እስካሁን 17 ደርሻለሁ። ለምን እንደሆነ አልተናገርኩም። አንዲት እናት ግን ወንበሩ ላይ ገና ሳይደላደሉ «ይቺ ለለቅሶዬ ናት አይደል?» አሉኝ።

«ኧረ እማማ፣ ለግድግዳ ናት።»

«ለቅሶም ላይ ግድግዳ አለ» አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ። ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው ቆይ፣ ጉትቻዬን ላምጣ።»

እዚህ ላይ ሌንሷ ውለታ ዋለችልኝ። አንድ ሜትር ተኩል የቡና ርቀት ነው። ስኒው ይደርሳል፣ ድምፅ ሳላነሳ እንጫወታለን፣ መስታወቱም ፊታቸው ላይ አይደቀንም። ፎከሷ ፈጣን ስለሆነ በጨዋታ መሀል ነው የማነሳው። የመጀመሪያዎቹን ስምንት ሁሉ በኤፍ 1.8 አነሳኋቸው። ቆርቆሮው፣ የተሰጣው ልብስ፣ የተከመረው ጀሪካን ሁሉ ቀልጦ ቀለም ብቻ ሆነ። ደስ አለኝ። ለዚህ አይደል የገዛኋት?

ከስምንቱ አንዱ የሰፈራችን አናጺ ጋሽ ደጉ ነበሩ። ግንቦት ላይ የእሳቸው ግቢ ለመንገድ ማስፋፊያ ተነሣ፣ ቤተሰቡ ራቅ ወዳለ ኮንዶሚኒየም ገባ። ፎቶውን አሜሪካ ላለው ልጃቸው ላኩለት። አመሰገነ። ሁለት ቀን ቆይቶ ሌላ መልእክት መጣ። «ወንድሜ፣ በሩ የሚታይበት የለህም? አባቴ የሠራው አረንጓዴው በር።»

ፋይሎቹን ሁሉ ከፈትኩ። 43 ፎቶ አንስቻለሁ። በአርባ ሦስቱም ውስጥ ከትከሻቸው በስተጀርባ አረንጓዴ ብዥታ አለ። ያማረ፣ ልስልስ ያለ ብዥታ። በር ግን አይደለም። ማጠፊያው የለ፣ መቀርቀሪያው የለ፣ ሰውየው በገዛ እጃቸው የላጉት እንጨት የለ። በሩ ፈርሷል። ለልጁ ምን ብዬ እንደመለስኩለት አላስታውስም፣ ብቻ አጭር ነበር።

ከዚያ በኋላ ዘጠኙን ሰዎች ያነሳኋቸው በኤፍ 8 ነው። አራት ሜትር ያህል እርቃለሁ፤ ያኔ ከፊታቸውና ከኋላቸው ተደምሮ አንድ ሜትር ያህል ይጠራል። ደጃፋቸው ላይ፣ በራቸውን ተደግፈው አስቀምጣቸዋለሁ። ጥላ ውስጥ ስለሆነ አይኤስኦ 800 ድረስ እወጣለሁ፣ ሌንሷ የእጅ መንቀጥቀጥ የሚከላከል ነገር ስለሌላት ከ1/125 ሰከንድ ፍጥነት በታች አልወርድም። ኤፍ 8 ላይ ይቺ ሌንስ ሌላ ዕቃ ናት። ሐምራዊው የለም። የቆርቆሮው ምስማር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ርቀቱ ግን ለቡና ሩቅ ነው፣ ጮክ ብዬ ነው የምጫወተው። እሱ ይቆጨኛል። ስለዚህ አሁን መጀመሪያ ቀርቤ ሁለት ሦስት ለለቅሶዋ አነሳና፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሄጄ ለበሩ አነሳለሁ።

ባለፈው ላይትሩም ውስጥ ገብቼ የ11 ወሩን በኤፍ ለይቼ አየሁት። መጀመሪያ ሁለት ወር ሁሉም ማለት ይቻላል 1.8 ነው። አሁን ለደንበኛ 2.8፣ ለራሴ 8። 1.8ን የምከፍታት ማልዶ ክርስትና ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲጨልም፣ ወይ መብራት ጠፍቶ በመስኮት ብርሃን ስሠራ ነው።

ክረምቱን በሰላም አልፋለች። እርጥበት ፈንገስ ያመጣል፤ መስታወቱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የሚበቅለውን ካየኸው አትረሳውም። ክዳኑ ጥብቅ የሚል የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ከጫማ ካርቶን የሰበሰብኩትን ሲሊካ ጄል ይዤ አኖርኳት፤ በየሳምንቱ በስልክ መብራት ውስጧን አያለሁ። እስካሁን ንጹህ ናት። የፎከስ ቀለበቷ ትንሽ ላላ ብሏል፣ ሥራ አልከለከለም።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ጀማሪ ልጅ ስቱዲዮ መጣ። ብር እያጠራቀመ ነው፣ ያቺን ሌንስ ሊገዛ። ኤፍ 1.8ዋ እንዴት ናት አለኝ።

«የምትሠራበት ክፍል ስንት ሜትር ነው?» አልኩት።

«ሦስት።»

«50ዋን ግዛ።»